ብርቄ ገባች ወይ?

ከመንዝ፣ ከሞላሌ የወጣሁት ማክሰኞ ንጋት በመጀመሪያው አውቶብስ ነው። መሄዴ የገባኝ ግን በዋዜማው አመሻሽ፣ ወንድሜ ጌታቸው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ሲሰደድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ዘመድ ይሰናበታል። እኔም ተሳልሜአለሁ፣ ተሰናብቻለሁ። ከብርቄ መለየት ግን ከሁሉም ከበደኝ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ ብርቄ የፊልም ልጅ ናት።

ጌታቸው በጄኔሬተር የሚሠራ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማጫወቻ ነበረው። ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ያወራል፣ እሱ ሽመል ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና ይተረጉማል። ትርጉም ካላችሁት ነው! እንግሊዝኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አፉ ግን፣ እናንተ ሆዬ፣ ድንጋይ ያስለቅሳል። ያቺን አባቷ ድንጋይ ሆኖባት ልታድነው ተራራ ለተራራ የምትንከራተተውን ልጅ ብርቄ አላት። አባቷን ድንጋይ ያደረገውን ጠንቋይ ደብተራ አለው። ከአባቷ ጋር ያጣላቸውም ርስት ነው አለን፤ ገበያ ውሎ የገባው ገበሬ ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በርስት ያልተጣላ ማን አለ? ክንፍ ያለውን ፈረስ ደግሞ "ባለ ክንፏ በቅሎ" አለው። የጨዋ ልጅ እንዴት በፈረስ ረጅም መንገድ ትሄዳለች ብሎ እኮ ነው።

አባባ መጀመሪያ "የሰይጣን ሥራ ነው" ብለው አይገቡም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ዝናብ አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ የፊት አግዳሚ ወንበር የእሳቸው ሆነ፤ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ዓይናቸውን አይነቅሉም። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ካሴቱ መጨረሻ የለውም። ብርቄ ከተራራው ጫፍ ደርሳ፣ ትልቁን የድንጋይ በር በእጇ እንደነካች ቴሌቪዥኑ ሽሽሽ ይላል። ያኔ ጌታቸው ያጠፋውና መጨረሻውን በቃሉ ያወራዋል። በሩ ይከፈታል፣ አባቷ ነፍስ ይዘራል፣ በበቅሎዋ ጭና አገሯ ትገባለች፣ ገብሱ አጨዳ ደርሶ ጎረቤቱ በእልልታ ይቀበላታል። አባባ መቶ ጊዜ ሰምተውትም እንኳ "ብርቄ ገባች ወይ?" ብለው ሳይጠይቁ ከወንበራቸው አይነሱም። "ገባች አባባ" ሲላቸው "ተመስገን" ብለው ይወጣሉ።

ያን ሰኞ ጌታቸው ካሴቱን ከማጫወቻው አወጣና በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ሙሌ፣ የፈረንጅ አገር ነው የምትሄጂው። መጨረሻውን ፈልጊልኝ። ባገኘሽውም ባላገኘሽውም እየደወልሽ ንገሪኝ።"

"ያንተው አይበቃም?"

"እውነተኛውን ልወቀው" አለኝ። አባባ ደግሞ ግንባሬን ስመው "ሁለት ዓመት ቅርብ ነው፣ ተምረሽ ትመጫለሽ" አሉኝ። እመጣለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

ለንደን ኤርፖርት ሻንጣዬን የፈተሸው ሰውዬ የገብስ ቆሎዬን አልፎ ካሴቱ ላይ ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ፊልም ነው።"

"የምን ፊልም?"

"መጨረሻ የሌለው።"

"መጨረሻውስ?"

"እናንተ ጋ ነው ያለው። እሱን ልፈልግ ነው የመጣሁት።"

ወረቀቴን አገላበጠ። "እዚህ ላይ የተጻፈው ነርሲንግ ለመማር ነው።"

"እሱንም እማራለሁ" አልኩት። እንዴት እንዳሳለፈኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ሊድስ በምትባል ከተማ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር፣ ሚስተር ኬን፣ ፎቅ ላይ ያለች ክፍል አከራየኝ። ስለ አገሩ ምን ልበላችሁ! በረዶ የሚሉትን መጀመሪያ ያየሁ ቀን እኛ መንዝ የምናውቀው ያ ቆርቆሮ የሚደበድበው መስሎኝ አናቴን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። ይሄኛው ድምፅ እንኳ የለውም። እንደተበጠረ የበግ ጠጉር እየተንሳፈፈ ይወርዳል። መሀል መንገድ ቆሜ አፌን ከፍቼ አየሁት፣ ሰው እያለፈ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ምግባቸው ግን ምን ኃጢአት ሠርተው ነው? ጨው የለ፣ በርበሬ የለ። አንድ እሑድ ሽንኩርትና በርበሬ ማቁላላት ስጀምር ጣሪያው ላይ ያለች ጭስ የምታሸት ነጭ ነገር ጮኸች። ሚስተር ኬን በካልሲው እየሮጠ መጣ።

"ቤቴ እየተቃጠለ ነው?"

"ወጥ እየሠራሁ ነው።"

"ለስንት ሰው?"

"ለራሴ።"

"ታዲያ ለምን ጎረቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል?" አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። ቀምሶ ግን ድገሚኝ አለ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ ቅዳሜ ጧት ሻይ ላፈላ ስወርድ ሚስተር ኬን ማድ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። ጆሮው ሾሏል። ወገቡ ላይ ሰይፍ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ክንድ የሚያህል ክንፍ። በስመ አብ ብዬ ወደ ኋላዬ ደረጃውን ወጣሁ። "ሙሉ፣ እኔ ነኝ! ወደ ኮንቬንሽን እየሄድኩ ነው!" እያለ ከታች ይጮሃል። ኮንቬንሽን የሚሉት ተረትና ፊልም ወዳጁ ሁሉ እንደ ፊልም ሰው ለብሶ የሚገናኝበት ቀን ነው። ክንፉን ዓመት ሙሉ በእጁ ሲሰፋው ነበር ለካ። የስድሳ ሰባት ዓመት ሰውዬ!

"ነይ፣ ታይዋለሽ" ሲለኝ ከአገር ያመጣኋትን ጥቁር በርኖሴን ደርቤ ተከተልኩት። ብርዱን ፈርቼ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

አዳራሹ ከሞላሌ ገበያ ይሰፋል። እናንተዬ፣ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ያየሁት! ቀንድ ያለው፣ ጅራት የሚጎትት፣ ፊቱን ሰማያዊ የተቀባ፣ ዘንዶ ትከሻው ላይ ያስቀመጠ። አንዷ ዘውድ ጭና ልጇን ታጠባለች። በቀሪው ቀን የባንክ ሠራተኛ ናቸው፣ አስተማሪ ናቸው፣ አንዱ እንዲያውም ትምህርት ቤቴ የደም አወሳሰድ ያስተማረኝ ሆኖ አረፈው፤ ቀንዱን እያስተካከለ ሰላም አለኝ። እኔ እኮ በሃያ ሁለት ዓመቴ ልጅነቴን አገሬ ጨርሼ፣ እንደ ትልቅ ሰው አንገቴን ደፍቼ ነበር የመጣሁት። እዚህ ሽበታሙ ሁሉ ስለ ዘንዶ ይከራከራል፣ ማንም "አታፍርም?" አይለውም። ቀናሁ፣ እውነቴን ነው። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ። ይባስ ብሎ ሰዉ እኔን እየከበበ በርኖሴን ይዳስሳል።

"ይሄን ልብስ ማን ሠራልሽ?"

"ጠጉሩ የአባቴ በጎች ነው።"

"ከየትኛው ታሪክ ነው?"

ከየትኛው ልበል? ከመንዝ ብላቸው ያ ፊልም የት ወጣ ብለው ሊፈልጉት ነው። ስለዚህ የብርቄን ታሪክ ነገርኳቸው። ጌታቸው እንደሚያደርገው ቆሜ፣ የሚስተር ኬንን ሰይፍ እንደ ሽመል ይዤ። በርስቱ ላይ ግራ ተጋቡ። በበቅሎዋ ሳቁ። ከዚያ ግን መሬት ላይ ተቀምጠው አደመጡኝ። ስጨርስ አንዲት ክብ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ከኋላ እጃቸውን አነሱ።

"ፊልሙን አውቀዋለሁ። ግን ፈረስ ነው እንጂ በቅሎ አይደለም። ያልሽውም መጨረሻ የለም። እኔ ቤት አለ፣ ሙሉው።"

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ አምጥተውልን ሚስተር ኬን ሳሎን ተቀምጠን አየነው። ብርቄ በሩን ነካች። የእኛው ካሴት ሽሽሽ የሚልበት ቦታ ደረሰ፣ አለፈ። በሩ ተከፈተ፤ ወዲያ ማዶ ብርሃን ብቻ፣ የወርቅ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ውበት በሕልሜም አላየሁም። አባቷ ነፍስ ዘራ። ግን እሱ ከበሩ ወዲህ ቀረ፣ እሷ ወዲያ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። አባቷ ተራራውን ብቻውን በእግሩ ሲወርድ ፊልሙ አለቀ። ሚስተር ኬን "ግሩም አይደል?" አለኝ። ግሩም ነው። እኔ ግን ተነስቼ የእኛን ካሴት በፌስታሉ መልሼ ጠቀለልኩት።

ያን ጊዜ ሁለቱ ዓመት ካለቀ አምስት ወሩ ነበር። ሆስፒታል ሥራ ይዤ፣ እንድቆይ ፈርሜ፣ ለቤት አልተናገርኩም። "ትንሽ ወረቀት ቀርቶኛል" እያልኩ ነበር የምሸነግላቸው። ለጌታቸው የፊልሙን መጨረሻ ብነግረው የራሴን መናገሬ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አልደወልኩም።

በመጨረሻ በአንድ የገበያ ቀን ደወልኩ። ከበስተኋላው ጄኔሬተሩ ይንጣጣል፣ ሰዉ ይንጫጫል።

"ጌቾ፣ መጨረሻውን አገኘሁት።"

ወደ ውጭ ሲወጣ ተሰማኝ።

"አልተመለሰችም፣ አይደል?"

"ማን ነገረህ?"

"ካሴቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ብቻዬን አየሁት። ከዚያ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው አሰብኩ። የአንዱ ልጅ ጂዳ፣ የአንዱ ቤይሩት ናት። ማን ፊት ነው እንዲህ ያለ ነገር የምከፍተው? በመቀስ አነሳሁት።"

"ታዲያ ለምን ፈልጊልኝ አልከኝ?"

"እስክታገኚው ትደውያለሽ ብዬ ነዋ፣ ሙሌ።"

አለቀስኩ። እየተንሰቀሰቅሁ ሥራ መያዜን፣ መፈረሜን ነገርኩት። "አውቄዋለሁ" አለኝ፣ "ሦስት ሳምንት ስትጠፊ ገባኝ።"

"አባባስ?"

"ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ይኸው ገባሁ፣ ስልኩን እየጠየቁኝ ነው።"

አባባ ስልክ ሲያናግሩ ማዶ ተራራ ላይ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ነው።

"ሙሉነሽ! ደኅና ነሽ ወይ? ብርዱ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነኝ አባባ፣ በርኖሱ አለኝ። እርስዎስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄ ወንድምሽ መጨረሻው እናንተ ጋ ነው ይለኛል። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ብርቄ ገባች ወይ?"

ከበስተኋላቸው ሰዉ "ምን አለች?" ሲባባል ሰማሁት። ገባች ብል ዋሸኋቸው፤ አልገባችም ብል ገደልኳቸው።

"መንገድ ላይ ናት አባባ።"

"መንገዱ ይረዝማል?"

"ይረዝማል።"

"በቅሎዋስ አብራት አለች?"

"አለች አባባ።"

"እንግዲያማ በሩን አንዘጋባትም" አሉና ስልኩን ለጌታቸው መለሱለት።