ጨርቅ የታሰረበት ጀሪካን

ከሚላ ነገሌ ቦረና ተወልዳ አድጋ፣ ሐዋሳ ተምራ ተመልሳ፣ እዚያው ነገሌ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር ሴት ናት። "ተምረሽ ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?" ለሚሏት መልስ ሰጥታ አታውቅም። ግትር ናት፤ ግትርነቱን ደግሞ ከእናቷ ነው የወረሰችው።

እናቷ ወይዘሮ ሃያት የግመል ወተት ነጋዴ ናቸው። ወተቱ ጠዋት ጠዋት ከገጠር በሾፌሩ በአብዱባ አይሱዙ ይመጣል፤ ባዶው ጀሪካን ከሰዓት በኋላ በዚያው መኪና ለባለቤቶቹ ይመለሳል። ከሚላ ልጅ ሳለች "ባዶውን ሁሉ አስጭኚ" ቢሏት የቤቱን ትልቅ ማጠራቀሚያ ጀሪካን ሳይቀር አስጭና ላከችው። በማግስቱ የመጣው ወተት መገልበጫ ጠፍቶ ቤተሰቡ ከጎረቤት ዕቃ ሲለምን ዋለ። ወይዘሮ ሃያት ይህችን ታሪክ ሰርግ በተጠሩ ቁጥር ያወሯታል፤ ከሚላም በሰማች ቁጥር ትናደዳለች።

በ2014 ዓ.ም. ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የኮሌጁ ላፕቶፖች ከሙያ ብቃት ፈተናው ሰርቨር ጋር የሚገናኙት ጎናቸው ላይ በሚሰካ፣ ዶንግል በሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። መሰኪያቸው ላልቷል፤ ዶንግሉ በእጅ ተነክቶ በወጣ ቁጥር ላፕቶፑ ድርቅ ይላል። ዲኑ አቶ ክብሮም ሰኞ ዕለት ጠሯት።

"ሐሙስ የብቃት ፈተናው መዛኞች ይመጣሉ። እንዲህ ከቀጠለ ተፈታኞቹ ሻኪሶ ድረስ ሄደው ይፈተናሉ" አሏት።

ከሚላ ቶሎ ትዝ ያለቻት ተማሪዋ ወለተሐና ናት። ወለተሐና የሁለት ወር አራስ ናት። ሻኪሶ ሄዶ መፈተን ለእሷ ከነጭራሹ መቅረት ማለት ነው፤ የሦስት ዓመት ልፋቷም ገደል ይገባል።

ከሚላ የከርነሉን ኮድ ከፈተች። ከርነል ማለት ሚሞሪውን ለሁሉም የሚያድለው፣ ከሥር ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ነው፤ የዚህኛው ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም አይቶ ማስተካከያ መላክ ይችላል። ዶንግል ሲሰካ ስሙ የሚጻፍበት ቦታ ከሚሞሪ ይወሰዳል፣ ሲነቀል ቦታው ይመለሳል። ስም የሌለው ዶንግል ግን ከራሱ ከፕሮግራሙ ስም ይሰጠዋል፤ ያ ከማንም ስላልተወሰደ መመለስ የለበትም። ከተመለሰ ኮምፒውተሩ ባለበት ይደርቃል፤ የኮሌጁ ዶንግሎችም ስም የሌላቸው ነበሩ። ኮዱ ውስጥ ደግሞ መመለሻው አንድ ሳይሆን ሰባት ነበር፤ ሁሉም የየራሱን ይመልሳል። ከሚላ አንዱን ስትጠግን ሌላው ይበላሻል። ሁለት ቀን እንዲህ ስትባዝን ቆየች።

ረቡዕ ከሰዓት ተስፋ ቆርጣ እናቷ ቤት ሄደች። አብዱባ ጀሪካን እየጫነ ነበር።

"አካም ከሚላ! ናጋ?"

"ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ!" አለች። አብዱባ ማንንም ሳይጠይቅ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን እያነሳ ሲጭን፣ ሌላውን ሲተው አየች። "አባ አብዱባ፣ የእኛን ከሰው ዕቃ እንዴት ይለዩታል?"

"እኔ ምን እለያለሁ? እናትሽ የሰው ዕቃ ሲገባ በር ላይ ጨርቅ ያስሩበታል። ጨርቅ ያለው መኪናዬ ስትሄድ አብሮ ይሄዳል። የሌለው የቤት ነው፤ አልነካውም።"

ወይዘሮ ሃያት ከውስጥ ሆነው "አንቺ ማጠራቀሚያዬን ከሸኘሽብኝ ቀን ጀምሮ ነው!" ብለው ሳቁ።

ከሚላ ቁጭ ሳትል ወደ ኮሌጁ ተመለሰች። ሰባቱንም መመለሻዎች ሰረዘቻቸው። ከሚሞሪ የተወሰደውን ቦታ ገና ሲወሰድ ከዶንግሉ ጋር አሰረችው፤ ዶንግሉ ሲነቀል የታሰረለት ሁሉ በራሱ ይመለሳል። የፕሮግራሙ የራሱ ስም አይታሰርም፣ ስለዚህ የሚነካው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ፈተናው ተጀመረ። ወለተሐና ወረቀት ልታነሳ ስትል ክንዷ ዶንግሉን መታው፤ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከሚላ ከወንበሯ ተነሳች። ወለተሐና ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ መልሳ ሰካችው፣ መጻፏንም ቀጠለች። ከሚላ አላስችል ቢላት ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች።

ማስተካከያውን ኮዱን ለሚጠብቁት ሰዎች በኢሜይል ላከች። በሦስተኛው ሳምንት መቀበላቸውን ጻፉላት። የዚያን ዕለት ወደ እናቷ ሮጠች።

"ስንት መስመር ጻፍሽ?" አሉ ወይዘሮ ሃያት።

"የጻፍኩት አራት፤ የሰረዝኩት ሠላሳ አንድ።"

እናቷ "በቃ፣ ያቺን የጀሪካን ነገር ከእንግዲህ በሰርግ አላወራትም" አሉ።

"ኧረ አዮ፣ እናቴ" አለች ከሚላ፣ "አሁንማ አውሪያት።"