ኖራ የቀባሁት ግድግዳ

ባለቤቴን ዘሃራን መጀመሪያ የያዛት ሳል ነበር፤ ደረቅ፣ ጠዋት ጠዋት የሚብስ። ዘመኑ የደርግ ነው። ከሚሴ፣ ከአስፋልቱ በታች ባለ የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጓዳው የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይመጥና ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። አልጋችን እዚያው ሥር ነበር። "ብርድ ነው" እያልን ከረምን።

ትንፋሽ ሲያጥራት ደሴ ወሰድኳት። አክታዋ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳች፤ ቲቢ አይደለም ተባለ። ሐኪሙ ስለ ቤታችን ጠየቀኝና "አስም ነው። የሚያስነሳባት ሻጋታው ሳይሆን አይቀርም፤ ቤቱ ይመርመር" አለ። ቀበሌም ቤት የሚቀይርልን የምርመራ ወረቀት ካመጣን ብቻ ነበር።

የጤና ባለሙያ ሊመጣ ነው ሲባል አማቴ ተነሱ። "ወላሂ፣ የመንግሥት ሰው ይኼን አይቶ ይታዘበን? ኖራ አምጣ እንጂ!" አሉኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ቆሻሻ ቤት አይገባም። ግድግዳውን ፍቄ ኖራ ቀባሁ፤ በርና መስኮቱን ከፍቼ አናፈስኩ። በማግስቱ ባለሙያው የረጋ መረቅ ያለባቸው የመስታወት ሳህኖች ይዞ መጣ። የሻጋታ ዘር ከአየሩ እንዲያርፍባቸው አንዱን ጓዳ፣ አንዱን ደጅ ከፍቶ አስቀመጠ። ኖራውን አየና "ጓድ፣ መቼ ነው የተቀባው?" አለኝ።

አፈርኩ። "ቆየት ብሏል" አልኩት።

ውጤቱ የጓዳው ከደጁ አይበልጥም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር አነበበና "ቤቱ ደህና ነው፣ ጓድ" ብሎ መለሰልኝ።

ክረምት ገባ። ሻጋታው በኖራው ላይ ወጣ። ዘሃራ መተኛት አቃታት። ደረቷ ያፏጫል። ከንፈሯ ጠቆረ። ጀርባዋን አሻለሁ። ሌላ የማውቀው የለም። "አብሽር" ትለኛለች፣ እሷው።

ደሴ ተመለስን። በደም ሥሯ ትንፋሽ የሚከፍተው መድኃኒት፣ አሚኖፊሊን፣ ተሰጣት። ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት፤ አልተቆጣኝም፣ ይኼ ባሰብኝ። ሻጋታ የሌለበት አየር እንደሌለ፣ ሳህኑም የዚያችን ሰዓት አየር ብቻ እንደሚያሳይ፣ ስለዚህ የቤቱ ውጤት ሁልጊዜ ከደጁ ጋር በብዛትም በዓይነትም መተያየት እንዳለበት አስረዳኝ። "ወረቀቱ የመረመረው ቤቱን ነው፤ ሳንባዋን አይደለም" አለኝ።

ቤቱ እንደገና ይመርመር ብሎም ጻፈልኝ። ለሁለተኛው ምርመራ ምንም አልነካሁም። ቤቱ አንድ ቀን ተዘግቶ ዋለ። ባለሙያው ከግድግዳውም ሻጋታውን በሚጣበቅ ፕላስተር አንስቶ ወሰደ። የደጁ ሳህን ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ አወጣ፤ የጓዳው ጥቁር ሆኖ ሞላ፣ ያውም በግድግዳው ላይ ባለው ዓይነት። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ባዶ ቤት የለም ተባልኩ።

ጨፋ ገጠር የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ወሰድኳት። ቤቱ ደረቅ ነው፤ ፀሐይ እስከ መደቡ ትገባለች። ማሽላው እስኪደርስ ድረስ ሳሉ ቀስ በቀስ እየቀለላት፣ መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ኋላም እስከ እርሻው ትራመድ ጀመር። አንድ ቀን ልጠይቃት ስሄድ ወንድሟ ከሩቅ በኦሮምኛ ፈጣሪን እያመሰገነ "ገለታ ረቢ! ዛሬ እኮ ቦርከና ወንዝ ድረስ ሄደች!" አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አላህን፣ ሐኪሙን፣ ወንድሟን አመሰግናለሁ። ዳገት ግን ዛሬም አትችልም። ቀድመን ብንወጣ ኖሮ ትችል ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ደፍሬ አልጠየቅኩትም።

እናንተም ቤታችሁ እንዲህ ከሆነ፣ መርማሪ ሲመጣ አትፋቁ፣ አትቀቡ፣ መስኮት አትክፈቱ። ታፍሩ ይሆናል። እያፈራችሁ አሳዩት።