ገበያ የዋለ ውሃ

በነርስነት ተመርቄ ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ በተመደብኩበት ዓመት፣ ሚሊኒየሙ ገና እንዳለፈ ነው፣ አገሩን በሙሉ ውሃ ላጠጣው ተነሳሁ። ማንም አልላከኝም። ከትምህርት ቤት ይዤ የመጣሁት አንድ ቁጥር ነበር፤ አዋቂ ሰው በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል። ሌላውን ትምህርት ምን እንደዋጠው እንጃ፣ ይቺ ስምንት ግን ከአፌ አትጠፋም ነበር። እግሩ ወለም ያለው ገበሬ ሲመጣ ስምንት ብርጭቆ፣ ጥርሱን የታመመ ሲመጣ ስምንት ብርጭቆ። አንድ የጃናሞራ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ፣ በቅሏቸው እንኳ የምትጠጣው ሲጠማት ብቻ እንደሆነ፣ ጠላ ባለበት ቤት ደግሞ ለእንግዳ ውሃ ማቅረብ ስድብ እንደሆነ ነገሩኝ። ጠላ ከውሃ አይቆጠርም አልኳቸው። እንግዲያው በምን እንደሚጠመቅ ጠየቁኝ። ወደሚቀጥለው ታካሚ አለፍኩ።

አገሩም አልረዳኝም። ከሊማሊሞ አፋፍ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ድረስ ይገባል፤ በዚያ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያምረው ሰው የለም። ላብ ሳይታይ ነፋሱ ከገላ ላይ ውሃ እንደሚወስድ ብናገርም የሚያምነኝ አላገኘሁም። ጾም ሲጨመርበት ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ባፉ የማይዞር ሰው ስምንቱን ብርጭቆ መቼ ይጠጣው? እኔ ግን ጎረምሳ ነበርኩ፤ ነጭ ጋወን ለብሻለሁ፤ ምን ይሳነኛል!

ዋናዋ ፈተናዬ እናቴ ነበረች። እናቴ እዚያው ጤና ጣቢያው አቅራቢያ ገበያ ላይ ጎመን ትሸጣለች። ጠዋት ዘርግታ ከተቀመጠች እስኪመሽ ከቦታዋ አትነሳም፤ እኛም ይቺ ሴት ብረት ናት እያልን እንኮራባት ነበር። ውሃ ግን አትወድም። ለምሳ ስወጣ በገበያው በኩል አልፍና ጠጣሽ ወይ እላታለሁ፤ አልጠማኝም ትላለች። ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ ራሴን አመመኝ ብላ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ውሃ ነው ያነሰሽ እላታለሁ። በማግስቱም እላታለሁ። አንድ ቀን በገበያ ጓደኞቿ ፊት ጉዴን አፈላችው።

«ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ሰው ሰምቼ ነበር» አለች። «ውሃ አነሰ ብሎ የሚጣላ ግን ያየሁት የገዛ ልጄን ነው።»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤን ግን እልህ ያዘው።

ሁለት ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ፈልጌ አገኘሁና በቀይ ማርከር አሰመርኩበት። እስከዚህ በአራት ሰዓት፣ እስከዚህ በስድስት፣ እስከዚህ በዘጠኝ። የጾም ቀኑን ለብቻው በሰማያዊ ጻፍኩላት። ውሃውን ከማታ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ጠዋት ጠዋት ሞልቼ አስይዛት ጀመር። እናቴ ሳትከራከር ተቀበለችኝ። ይሄ ነገር ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ እሷ ሳትከራከር የምትቀበለው ነገር በሕይወቷ የለም።

ማታ ፕላስቲኩ ባዶውን ይመለሳል። አንዲት ጠብታ አትተርፍበትም። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጤና ጣቢያው በር ላይ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ እናቴን ምሳሌ እያደረግኩ አስተምር ጀመር። አብረውኝ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ አንዲት ሲስተር ነበሩ። ራስ ምታቷ ለቀቃት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው፣ ሰውነቷ ውሃውን እስኪለምደው ነው አልኳቸው። ሲስተር መቀሳቸውን ወደ መቀቀል ተመለሱ።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ እንደተኮፈስኩ ቆየሁና አንድ ቀን ባልታሰበ ሰዓት ከኋላዋ መጣሁ። እናቴ ፕላስቲኩን ይዛለች። ክዳኑን በወስፌ በስታዋለች። ጎኑን ጨመቅ እያደረገች፣ እስር እስሩን እያገላበጠች፣ ጎመኑ ላይ ትረጫለች። ያን ያፈላሁትን ውሃ፣ ያቀዘቀዝኩትን ውሃ፣ በሰዓት የከፋፈልኩትን ውሃ! እውነቱን ለመናገር ከገበያው ሁሉ የእሷን ጎመን የሚያህል የለመለመ አልነበረም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሽንኩርት ሻጭ ቀድማ አየችኝና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። እናቴ ዞር አለች፤ አልደነገጠችም። ስምንቱን ብርጭቆ ጎመኑ እንደጠጣላትና በጣም እንደተስማማው ነገረችኝ።

እኔ ግን ተቆጣሁ። በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሕመምሽን ራስሽ ነሽ የምታመጪው፣ ከእንግዲህ አመመኝ እንዳትዪኝ አልኳትና ትቻት ሄድኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በሳምንቱ ሁለት የገበያ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ጤና ጣቢያ አመጧት። ትንቀጠቀጣለች፣ ገላዋ እሳት ነው፣ ጎኗን ይዛ ቀጥ ብላ መቆም አቅቷታል። እኔ ቴርሞሜትሩን በእጄ ይዤ ቴርሞሜትር ፍለጋ መሳቢያ እከፍታለሁ። ሽንቷ ሲመረመር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ኩላሊቷ ደርሷል። ሲስተር ወዲያው መድኃኒት ጀመሩላትና ለእኔ ለብቻዬ፣ ጥቂት ቀን ብትዘገይ ኖሮ ኩላሊቷን ልታጣው ትችል እንደነበር፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችል እንደነበር ነገሩኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለችኝ እሷ ናት። ካርዷን እንኳ የጻፉልኝ ሲስተር ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደላት። ሲስተር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እኔ በልጅነቴም በነርስነቴም አንድ ቀን ጠይቄያት የማላውቀውን ነገር ጠየቋት። ገበያ ስትውል ሽንቷ ሲመጣ የት እንደምትሄድ። እናቴ ወደ እኔ አየች። ሲስተር እንድወጣላቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡኝ። ልወጣ ተነሳሁ።

«ይቀመጥ» አለች እናቴ። «ውሃውን የሚያዘው እሱ አይደል? ይስማ።»

ተቀመጥኩ። ነገረችን። ወንዱ ግንብ ባየበት ዞር ብሎ ይቆማል፤ ሴት በጠራራ ፀሐይ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የት ትቀመጥ? ሽንት ቤት የሚባል በአካባቢው የለም። ስለዚህ ጠዋት ከቤት ሲወጡ አይጠጡም፣ ቀንም አይጠጡም፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወደ ቤታቸው እየሮጡ ይገባሉ። ሽንኩርት ሻጯም እንደዚያው ናት፣ ከደረስጌ በኩል ቅቤ ይዘው የሚመጡትም እንደዚያው ናቸው። እርስ በርስ ተነጋግረውበት አያውቁም፤ እያንዳንዷ ግን ታውቀዋለች።

«መጠጣቱንስ በጠጣሁልህ፣ ልጄ» አለችኝ። «መሽኛውን ግን አላዘዝክልኝም።»

ሲስተር ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ኋላ ለብቻችን ስንሆን ስለ ስምንቷም ቁርጡን ነገሩኝ። ቁጥሩ መንገድ ማሳያ እንጂ ለሁሉም ሰው እኩል የሚሰፈር ቀለብ አይደለም። ሰው እንደ ሥራው፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ብርዱ፣ እንደ ጤናውም ይለያያል፤ ሻዩም ሾርባውም ይቆጠራል። ለብዙው ሰው የሽንቱን ቀለም ማየት ይበቃዋል፤ ነጣ ያለ ገለባ ከመሰለ ደህና ነው፣ ከጠቆረ ይጨምር። ከዚያ በፊት ግን ሰውየው የት እንደሚውል ጠይቅ አሉኝ።

ከገበያው ጀርባ ጠላ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሄጄ ለመንኳቸው። ጉድጓዱን እኔ ከቆፈርኩ፣ ሴቶቹም በጽዳት ከያዙት፣ ከጓሯቸው ቦታ እንደሚሰጡኝ ቃል ገቡልኝ። ሁለት ጓደኞቼን አስተባብሬ ቅዳሜና እሑድ ቆፈርን። የሚያልፈው ሁሉ ጋወንህን የት ጣልከው እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ የጠላ ጠጪው ምክርማ አያልቅም። ቆርቆሮ መታንበት፣ በር አበጀንለት፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አደረግንለት። ሴቶቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት መቀርቀሪያውን ነው።

የተከፈተ ሰሞን በምሳ ሰዓት እናቴ ዘንድ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ በጣሳ ቀዳችና በእኩለ ቀን፣ በዓይኔ እያየኋት፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጨለጠችው። ገበያ መዋል ከጀመርሽ ጀምሮ እንዲህ ሳትጠጪ ነው የኖርሽው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ምን ላድርግ ታዲያ» አለች አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አንተን እርጉዝ ሆኜም እዚሁ ነበር የምውለው። ሆዴ ውስጥ ሆነህ አብረኸኝ ትጠማ ነበር። ያኔ ግን ጨዋ ልጅ ነበርክ፤ ውሃ ጠጪ ብለህ አልጨቀጨቅከኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልቻልኩም።