ብሎን እና ጠንካራው ጎማ

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተቀደደ አንሶላ የምጠግንበት የስፌት መኪና በሩ አጠገብ ነው፤ ወጪ ገቢው ሁሉ በፊቴ ያልፋል። የጥገና ሠራተኛው ብሎን ያን ወር ሙሉ ሲቆጣ ያየሁትም ከዚያው ተቀምጬ ነው። የመዝገብ ስሙ ሌላ ነው። አጭርና ድፍን ያለ ሰው ስለሆነ፣ የያዘውንም ነገር ስለማይለቅ ብሎን አሉት፤ ብሎን ሆኖ ቀረ። «ሲናደድ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው» ይላሉ ሴቶቹ። ይጠብቃል እንጂ አይፈታም ማለታቸው ነው።

ያን ጊዜ ያናደደው የታላቅ እህቱ ነገር ነበር። እህቱ እዚሁ እኛ ክፍል ጋሪ ትገፋለች። ከማሽን የወጣ እርጥብ አንሶላ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልገፋው አያውቀውም። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ «ቀኝ ትከሻዬ ግን ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቷል» ትላለች እየሳቀች።

የድሮዎቹ የጋሪ ጎማዎች ጥቁር ላስቲክ ነበሩ። ጋሪው ተጭኖ ከቆመ በቆሙበት በኩል ይጨፈለቃሉ፤ ወለሉ ላይ የሚፈሰው በረኪና ደግሞ ይሰነጣጥቃቸዋል። ብሎን የእህቱን ትከሻ አየና የግዢ መጠየቂያ ሞላ፦ «ለስድስት ጋሪ የሚሆን ሃያ አራት ጠንካራ ጎማ።» ፈርሞ ሰጠና የዓመት ዕረፍቱን ወጣ።

ጎማዎቹ እሱ ሳይኖር መጡ፣ እሱ ሳይኖር ተገጠሙ። ነጭ ፕላስቲክ ናቸው፤ በጥፍር ሲነኳቸው እንደ ሳህን ይጮኻሉ። ጋሪው ኮሪደር ሲገባ ባቡር የገባ ይመስል ነበር። የታመመ ሰው ከእንቅልፉ እየበረገገ ይነሣል፤ ነርሶቹ ጮኹ፤ የወለሉ ሴራሚክ በሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ከሁሉ የከፋው ከእኛ ክፍል ወደ ሕንፃው የሚያወጣው ተዳፋት ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ጎማው ወለሉን ቆንጥጦ አይይዝም። አንድ ጠዋት ጋሪው ወደ ጎን ተንሸራቶ የብሎንን እህት ከግድግዳ ጋር አጣበቃት፤ በዚያው በታመመው ትከሻዋ።

አስተዳደሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎማውን ሳይሆን ጋሪውን ከለከለ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሪ ኮሪደር አይገባም፣ ልብሱ በሰው ጀርባ ይውጣ ተባለ። አለቃችን ደግሞ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ሸክም የማይችል ሠራተኛ ለሕክምና ቦርድ ቀርቦ ይሰናበታል። ከሥሩ ስም ዝርዝር አለ። መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው የብሎን እህት ናት።

ብሎን ከዕረፍት የተመለሰው በማግስቱ ነው። ማስታወቂያውን ቆሞ አነበበ።  አንዱን ጎማ ከጋሪው ፈታና ይዞት ወጣ። እኔም የምጠይቀው ክር ነበረኝና ተከትዬው ግዢ ክፍል ገባሁ።

ጎማውን የግዢ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቱ መሀል አስቀመጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነዋ» አለ ኃላፊው፣ ከራባቱን እያቃና።

«ማን ነው ይሄን ግዙ ያለዎት?»

«አንተ።»

ፋይል ስቦ ቅጹን አወጣ። «የእጅ ጽሑፍህ አይደለም? ጠንካራ ይላል። ገበያው ላይ ከዚህ የሚጠነክር የለም። በመዶሻ ሞክረን ነው የገዛነው።»

«እኔ ጠንካራ ስል የሚበረክት ማለቴ ነው። ድንጋይ አምጡልኝ አልኩ?»

«ታዲያ የሚበረክት አትልም ነበር? ልብህ ውስጥ ገብቼ ላንብልህ?»

ብሎን ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ከዚያች አንዲት ቃል በቀር መጠኑን፣ የሚሸከመውን ክብደት፣ የሚሄድበትን ወለል አልጻፈም። በሌላ ሰው የተቆጣ ሰው ጥፋቱን ራሱ ላይ ሲያገኘው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ደሙ ፈልቶ የሚፈስበት አጣ።

«እሺ» አለ ቅጹን መልሶ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔው አበላሸሁት። እርስዎ ግን ጋሪ ገፍተው ያውቃሉ?»

«ሥራዬ አይደለም።»

«አምስት ደቂቃ ይምጡ። ካልመጡ እኔም ሥራዬን ትቼ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። ነገም ነኝ።»

«ያደርገዋል» አልኩ ሳላስበው። «ብሎን ነው።»

ሰውዬው መጣ። የሞላ ጋሪ ተዳፋቱ ላይ ሰጡት። ሦስት እርምጃ እንደሄደ ጋሪው ወደ ጎን ከዳው፤ ጫማው አዳለጠው፤ ከራባቱ እርጥብ አንሶላ ውስጥ ገባ። ከኋላው ሆና በግራ ትከሻዋ ጋሪውን የደገፈችለት የብሎን እህት ናት።

«በየቀኑ እንደዚህ ነው?» አላት እያለከለከ።

«ከእሁድ በቀር፣ ልጄ።»

አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። ከራባቱን ጨምቆ «አዲስ ቅጽ ሙላ፣ አብረን ሄደን እንገዛለን» ብሎ ወጣ።

ብሎን ሁለት ቀን ሙሉ ሜትርና ደብተር ይዞ ዋለ። ሰላም ስንለው እንኳ በጥርሱ መሀል ነበር የሚመልሰው። የሞላ ጋሪ በሆስፒታሉ ወጥ ቤት የእህል መጋዘን ሚዛን መዘነ፤ ክብደቱን ግን ለአራት ሳይሆን ለሦስት አካፈለ። እህቱ ለምን ብትለው «ወለሉ ጎርበጥ ሲል አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፤ ሸክሙ የሦስቱ ነው» አላት።

«እንግዲህ እንደ መሥሪያ ቤቱ ነው በለኛ» አለች።

የበሩን ደፍ ከፍታ ለካ፤ ትንሽ ጎማ ደፍ ላይ ይደነቀራል፣ ተለቅ ያለው ይሻገራል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ውሃው ሙቅ፣ በረኪና ያለበት፣ መንገዱ ተዳፋት፣ ኮሪደሩ የታመመ ሰው የተኛበት ብሎ ጻፈ። ቅጹ አልበቃ ብሎት ጀርባው ላይ ቀጠለ። ጠንካራ የሚል ቃል ግን የትም አልገባም።

በሦስተኛው ቀን ከኃላፊው ጋር ገበያ ወረዱ። ሻጩ ፖሊዩሬቴን የሚሉትን ዓይነት አወጣላቸው፤ መሀሉ ብረት ነው፣ ዙሪያው ግን እንደ ላስቲክ የማይጨፈለቅ፣ እንደ ፕላስቲክም የማይጮኽ ቀይ ነገር ለብሷል። ብሎን የመጀመሪያውን ተቀበለና ቀዩ ከብረቱ በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ የቢላዋ ጫፍ አስገባ። ተላቀቀ።

«ወንድም፣ ልትገዛ ነው ልታርድ?» አለ ሻጩ።

«የሚላቀቅ ከሆነ እዚሁ ይላቀቅ። እዚያ እህቴ እጅ ላይ ከሚላቀቅ።»

ሁለተኛው ጠርዙ አልከፈትም አለ። ብሎን አሁንም አልተፈታም፤ ሙቅ ውሃ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሻጩ «እሱ ለደረቅ መጋዘን ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከዋለ ይፈረፈራል» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ከላይኛው መደርደሪያ ሦስተኛውን አወረደ፤ ሙቅ ውሃ የሚችል ነው፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም ውሃ እንዳይገባበት የተሸፈነ ነው። የግዢ ኃላፊው ገና ብሎን አፉን ሳይከፍት ጎማውን ነጥቆ ጠርዙን በጥፍሩ ይፈትሽ ጀመር። ብሎን ይህን ሲነግረን ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩ ትንሽ ላላ።

ጎማዎቹ የመጡት ከወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ብሎን ሁለት ጋሪ ብቻ ገጥሞ አደረሰ፤ ከኋላ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሁለት፣ ከፊት ፍሬን ያላቸው ሁለት ዟሪ። ያን ጠዋት ቤቴ ስጸልይ፣ አልደብቅም፣ ስለ ጎማ ጸለይኩ። ፈጣሪ ፊት ትንሽ ነገር የለም ብዬ።

በማግስቱ አለቃችን ዝርዝሩን ይዛ ከዋናዋ ነርስ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ እገዳው ይነሣ አይነሣ እዚያው ሊቆርጡ ነው። ጀርባቸውን ወደ እኛ ሰጥተዋል። የብሎን እህት የሞላውን ጋሪ ይዛ ተዳፋቱን ወጣች። አላንሸራተታትም። ኮሪደሩ ውስጥ ገባች። እኔ በር ላይ ነኝ፤ ብሎን ጎማ የገጠመበትን መፍቻ፣ ቺያቤውን፣ ጨብጦ ከአጠገቤ ቆሟል።

«እኔ ጎማው ተቀይሯል የሚል ወረቀት አላምንም» ትላለች ዋናዋ ነርስ። «ጋሪው ይምጣና በጆሮዬ ልስማው።»

«መጥቻለሁ እኮ» አለች የብሎን እህት ከኋላቸው። «መንገድ።»

ሁለቱም ደንግጠው ግራና ቀኝ ለግድግዳው ተጠጉ። ጋሪው በመሀላቸው አለፈ፤ በአንድ እጅ ነበር የምትገፋው፣ በግራው። ዋናዋ ነርስ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ በዓይኗ ሸኘቻት። አለቃችን ዝርዝሩን አንዴ አጠፈችው፣ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ ከዚያ ኪሷ ከተተችው።

ተመስገን አልኩ በሆዴ። ወደ ብሎን ስዞር ግን እንደተቆጣ ነው።

«አሁን ምን ሆነህ ነው?»

«አራት ጋሪ ይቀራል» አለና ወደ ወርክሾፑ ሄደ።