የጋቢናው ወንበር

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የነዳው ባለተሳቢ መኪና ባለፈው ዓመት ተሸጠ። ዳገት ላይ እግረኛ የሚቀድመው፣ ድምፁ ግን ከሩቅ የሚሰማ አሮጌ መኪና ነበር። ዛሬ እንደሱ ያለ በነቀምቴ ሲያልፍ ወንዶቹ ቆመው ያዩታል፤ ስለ ድሮው ጊዜ ያወራሉ። እኔ ድምፁን ስሰማ ትዝ የሚለኝ መጠበቅ ብቻ ነው። መጣ፣ አልመጣም እያልኩ ነው ያረጀሁት።

በዚያ መኪና አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን እንደወለድኩ አባትና እናት አንድ መኪና ላይ አብረው አይወጡም አልኩ። አንዳችን ላይ አደጋ ቢደርስ ሌላችን ለልጆቹ እንድንተርፍ ብዬ ነው። ለቅሶም ሆነ ሠርግ፣ እሱ በመኪናው ይቀድማል፤ እኔ በአውቶብስ እከተላለሁ። ጎረቤት ይስቅብኝ ነበር።

ገዢው የዲጋ ሰው ነው፤ ከነቀምቴ ሩቅ አይደለም። ባለቤቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪ አይዝም። ሰውየው መኪናውን ሊወስድ የመጣ ቀን፣ ሲለማመጠኝ እንደልማዱ በኦሮምኛ «የቤት እናት» ብሎ እየጠራኝ፣ «ሃዳ መና፣ እስከ ዲጋ እንሸኘው» አለኝ።

«እናንተ ቅደሙ፤ እኔ በሚኒባስ እመጣለሁ።»

«ለማን ብለሽ? የመጨረሻዋ ልጅሽ እንኳ ሁለት ወልዳለች።»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መኪናው ሄድኩ። ገዢው ከመሪው ላይ ሆኖ፣ በአክብሮት፣ «አዴ፣ አይፍሩ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለኝ።

«ልፍጠን ብትልም መኪናው እሺ አይልህም» አለው ባለቤቴ።

ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለ ከኋላ ደግፎ አወጣኝ። መሃል ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር እግሬ ሳላስበው ወለሉን ይጫናል። ባለቤቴ አየኝና፣ «ፍሬኑ በወዲያ በኩል ነው» አለ። ገዢው ሳቀ።

ባለቤቴ ወደ መስኮቱ እንደዞረ፣ «እዚህ ወንበር ላይ ነጋዴ ጭኛለሁ፣ ፖሊስ ጭኛለሁ፣ በሽተኛ ጭኛለሁ። አንቺን ብቻ ነው ያልጫንኩት» አለ።

«ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ለልጆቹ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ያን ሁሉ ዓመት የተስማማ ይመስለኝ ነበር። ብቻውን መንዳት ይከብደው እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። አሁን ልጠይቀው አሰብኩና ደከመኝ። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግኩ፤ እሱም አላነሳውም። ዲጋ እስክንደርስ እጄ እዚያው ነበር።