ፉጨትና የአልጋ ግብር

መጋረጃ ሰፊዋን በመታወቂያ ስሟ የሚጠራት ሰው ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ባሏ ሳይቀር «ፊሽካ» ነው የሚላት። በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ አክብሮት ጨምረው «እትዬ ፊሽካ» ይሏታል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ያዞራል፤ እሷ ግን «አቤት!» ብላ ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል ቅር ያላት አትመስልም።

ስሙን ያወጣላት ፉጨቷ ነው። ልጅ ሳለች፣ የፊት ጥርሶቿ በወለቁበት ሰሞን፣ ትኩስ ሾርባ ለማብረድ «እፍ» ስትል ፉጨት አመለጣት። ጥርሱ በቀለ፤ ፉጨቱ ግን በዚያው ቀረላት። ሃምሳን ካለፈች በኋላ እንኳ ሥራ ላይ ከንፈሯ አያርፍም። ቀጥ ያለ ጠርዝ ስትሰፋ ዜማው ይረዝማል፤ ሽንሽን ላይ ስትደርስ ይቆራረጣል፤ ክር ሲበጠስባት ደግሞ ዜማው መሐል ላይ እርግማን የሚመስል ነገር ጣል ታደርጋለች። ባሏ «እኔ እሷን የወደድኳት በጆሮዬ ነው» እያለ ያወራል። አሁን አንደኛው ጆሮው ደክሟል፤ ጠዋት ትንሽ ማሸለብ ሲያምረው ደህናውን ትራስ ላይ ደፍቶ ይተኛል።

በዚህ ፉጨት የማይስቅ ሰው ቢኖር ታላቅ እህቷ ናት። ታላቅየዋ ከመናኸሪያው አጠገብ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አላት። አንሶላዋ ሁሉ እጥፋቱ የሚቆርጥ እስኪመስል ድረስ የተተኮሰ ነው፤ እሷም እንደዚያው ናት። ታናሿን ከልጅነት ጀምሮ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?» ስትላት ኖራ፣ ዛሬም በታናሿ የስፌት ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» ሳትል አታልፍም። ፊሽካም «እሺ እትዬ» ትላለች። እትዬ መንገዱን እንደታጠፈች ፉጨቱ ይቀጥላል።

ነገሩ ማኅበር የሆነው በአንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሰበብ ነው። ሹፌሩ የሳሎኑን መጋረጃ ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ፊሽካ ጀርባዋን ሰጥታው ታፏጫለች። ድንገት ከበሩ በኩል ሌላ ፉጨት፣ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ ከእሷ ዜማ ሥር ገብቶ ተሸከመው። ደንግጣ ጣቷን በመርፌ ወጋች።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አለ ሹፌሩ፣ «አውቶቡሱ ሬዲዮ አልነበረውም። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ላይ ሆኜ ለራሴ ሬዲዮ ሆኜ ነው የኖርኩት።»

ሁለቱ ገና አንዱን ዜማ ሳይጨርሱ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መንገድ አቋርጣ መጣች። ዝም በሉ ልትል መስሏቸው ሁለቱም አፋቸውን ገጠሙ።

«ቀጥሉ እንጂ! እኔም ዕቃ ግምጃ ቤት ተደብቄ ነው የማፏጨው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲያልቅ በመጋረጃ ጥቅሎች መሐል መሰብሰብ ልማድ ሆነ። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ተጨመረ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ አማት። ደርዘን ሲሞሉ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ማኅበር ሊያስመዘግቡ ተሰለፉ። መዝጋቢው ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገማቸውና «ፉጨት ማለት... ይሄ ፉጨት?» ብሎ ቀስ አድርጎ አፏጨላቸው። አሥራ ሁለቱም በአንድ ላይ መለሱለት። የምዝገባ ማኅተሙ የተመታው ሰውየው እየሳቀ ስለነበር ዛሬም ጠማማ ነው።

አሁን የከተማውን ጉዳይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ ፏፏቴ አላት። ሰው በጠዋት ይመጣል፣ ፏፏቴው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ይረጥባል፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ይመለሳል። የሚያድረው ጥቂቱ ነው። ያ ጥቂቱ ከክፍሉ ኪራይ ላይ ትንሽ የአልጋ ግብር ይከፍላል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያንን አጠራቅሞ በየዓመቱ ለማኅበራት ድጋፍ አድርጎ ያከፋፍለዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምትሠሩት ሥራ እንግዳ ያመጣል ወይ? ካመጣስ ያሳድራል ወይ?

«እናመልክት» አለች ፋርማሲስቷ አንድ ቀን። «በየአገሩ ያሉ አፏጪዎችን እንጥራ። የአዳራሽ ኪራይና የጥሪ ወጪ ከሸፈኑልን ሌላውን እኛ እንችለዋለን።»

«ሌላም አፏጪ አለ እንዴ?» አለች ፊሽካ።

«ስልኬን ተመልከቺማ!»

ፊሽካ ስልኩን አየች። ከባሕር ማዶ አንድ ዓሣ ሻጭ፣ ከሌላ አገር አንዲት ጥርስ ሐኪም፣ ሌላም ሌላም፣ ሁሉም ከንፈሩን አሞጥሙጦ ያፏጫል። አንዳንዱን ስታይ መልሳ ታፏጭለታለች፣ የሚሰማት ይመስል። የዚያን ቀን አንድ መጋረጃ ገልብጣ ሰፍታ ፈታችው፤ ደግማ ገልብጣ ሰፋችው።

ማመልከቻው ገባ። እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት ነበር፦ ድጋፉን የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ የሆቴል ባለቤቶች ተወካይ ሆና የተቀመጠችው ማን መሰለቻችሁ? እትዬ።

«ከእንግዶቼ እጅ በትኅትና ለምኜ የሰበሰብኩትን ግብር፣» አለች እትዬ ፔንሲዮኗ ውስጥ ቁልፎቿን እየሰቀለች፣ «ለፉጨት? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እትዬ፣ እንግዳ ይመጣልሽ የለ?»

«የሚያፏጭ እንግዳ!»

«የሚያፏጭም ቢሆን ይተኛል እኮ።»

እትዬ የተሰቀለውን ቁልፍ አውርዳ መልሳ ሰቀለችው።

ማኅበራቱ ለኮሚቴው በሚቀርቡበት ቀን ፊሽካ፣ ሹፌሩና ፋርማሲስቷ ማኅበሩን ወክለው ሄዱ። ሹፌሩ ሠርጉ ላይ የለበሰውን ሱፍ ለብሷል፤ ቁልፉ በግድ ስለገጠመ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚራመደው። ሰብሳቢው ከሲታ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ገና ወንበር ሳይዙ እትዬ ብድግ አለች።

«እህቴ ስለሆነች ውሳኔው ላይ አልገባም። ውጭ እሆናለሁ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ግን አልተዘጋም፤ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

ፊሽካ ስለ ማኅበሩ ተናገረች፤ ድምፅዋ አላሳፈራትም። ሰብሳቢው «መልካም፤ እስቲ አሰሙን» አለ።

ሦስቱ ተያዩ። ፊሽካ በጣቷ ቆጠረች። ሹፌሩ ሆዱን እንደሳበ ትንፋሽ ወሰደና ነፋ፦ «ፍፍፍፍ።»

ሌላ ምንም የለም። ንፋስ ብቻ። ሰውየው ደነገጠ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ደገመ፦ «ፍፍፍፍፍ!» በዚህኛው የሱፉ ቁልፍ ተፈናጥሮ የሰብሳቢው ውኃ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለ።

ያኔ ከኮሪደሩ አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ የቆየ ሞተር እንደሚነሳ ያለ፣ እየተንተከተከ፣ እየጠፋ፣ ደግሞ እየተነሳ። ፊሽካ አወቀችው። የእትዬ ሳቅ ነው። እትዬ በዓመት አንዴ ብትስቅ ነው፤ ከጀመረች ግን ማንም ሊያቆማት አይችልም፣ እሷ ራሷም ብትሆን።

ፊሽካ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ላፏጭ ብላ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ ከንፈሯ እንቢ አለ፣ ወደ ጆሮዋ ተለጠጠ። እየሳቁ ማፏጨት አይቻልም፤ ሞክሩት። ፋርማሲስቷ ጋውን ስላልለበሰች የምትደበቅበት አጥታ ፊቷን በማመልከቻው ሸፈነች። የኮሚቴው ሰዎች ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ምን ያስቸግራል?» አለ ሰብሳቢው ቆጣ ብሎ። «ከንፈር መግጠም ነው፣ መንፋት ነው፣ እንደዚህ—ፍፍፍፍ።»

በቃ፣ ጉድ ፈላ። ከኮሪደሩ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ሹፌሩ ቁልፉ ስለሄደለት ሆዱን ለቆ በነፃነት ሳቀ። ሰብሳቢው ብርጭቆውን አንስቶ ሊጠጣ ሲል ቁልፉን አየ፤ ያ የማይፈታው ፊት በአንድ ጊዜ ተፈታ።

ሲበርድላቸው ሰብሳቢው ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ «ይሁን» አለ። «የመጨረሻ ጥያቄ። እንግዶቹ መጡ እንበል። ከተማችን ውስጥ እንደሚያድሩ በምን እርግጠኛ ናችሁ?»

 ሹፌሩ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ የማውቀው እኔ ነኝ። ዝግጅቱን አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው የምንጨርሰው። ታዲያ ሳያድሩ የት ሊሄዱ?»

ድጋፉ ጸደቀ። ልክ እንደጠየቁት የአዳራሹንና የጥሪውን ወጪ ሸፈኑላቸው። በውሳኔው ላይም «ዝግጅቱ ከመጨረሻው አውቶቡስ በኋላ እንዲጠናቀቅ» የሚል ግዴታ ሰፈረበት። ፊሽካ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ የወረደችው በእግሯ ይሁን በክንፍ አታውቀውም። መሬት አልበቃት አለ። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አቅፋ ሳመች፤ አንዱ የማታውቀው ሰው ነበር፣ እሱም ግራ ተጋብቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

እንግዶቹ ሲመጡ ከተጠበቀው በላይ ሆኑ። ከአውቶቡስ እየወረዱ መናኸሪያው ላይ እርስ በእርስ በፉጨት ሰላም ሲባባሉ ተሳፋሪው ሻንጣውን ጥሎ ቆሞ ያይ ነበር። ዓሣ ሻጩ መጣ፣ ጥርስ ሐኪሟ መጣች። አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። ሹፌሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በዚህኛው ቀን ሸሚዝ ብቻ ለብሶ፣ ያንን ወፍራም ፉጨቱን ሲለቀው ፊሽካ ከጎኑ ሆና ዜማዋን እላዩ ላይ አሳረፈች። ፋርማሲስቷ መሐሉን ያዘች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ገባበት። የፊሽካ ባል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ፣ ደህና ጆሮውን ወደ መድረኩ አዙሮ፣ እንባውን ይጠርግ ነበር። የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ዘወር ብሎ ያየው እንኳ አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የከተማው አልጋ አለቀ። እትዬ ስምንቱንም ክፍል አከራየች፣ ከዚያ ለሁለት የዓሣ ሻጩ ጓደኞች የራሷን መኝታ ቤት ለቀቀች፣ ለእነሱም ደረሰኝ ቆርጣ የአልጋውን ግብር ተቀበለች፤ ሕግ ሕግ ነው። ከዚያ ትራሷን በብብቷ ይዛ የታናሿን በር አንኳኳች።

«የማድርበት የለኝም» አለች፣ ኩስትር ብላ።

«ፔንሲዮን ያለሽ ሰው!»

«አትሳቂብኝ። አስገቢኝ።»

ቤት ትርፍ አልጋ ስላልነበረ ሱቁ ውስጥ ያልተሰፉ መጋረጃዎች አነጠፉ፤ ወፍራም ከፋይ ከታች፣ ስስ ጨርቅ ከላይ። ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ጎን ለጎን ተጋደሙ።

«የሹፌሩ ቁልፍ...» አለች እትዬ በጨለማው ውስጥ።

«ዝም በይ እትዬ!»

«ብርጭቆው ውስጥ ጠብ...»

በቃ፣ ያ ሞተር ተነሳ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ጎናቸውን ይዘው ነው።

ጠዋት ፊሽካን የቀሰቀሳት ከተማው ነው። በየሆቴሉ መስኮት ላይ እንግዶቹ እየተላጩ፣ ፀጉራቸውን እያበጠሩ፣ ጫማቸውን እያሰሩ ያፏጫሉ። አንዱ ይጀምራል፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላው ይቀበላል። አደባባዩ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ መኪና ለማስቆም ፊሽካውን ቢነፋ ከአርባ መስኮት መልስ መጣለት። ግራ ገብቶት ደገመው። አርባውም ደገሙለት። መኪኖቹ ቆሙ፣ ሹፌሮቹ አንገታቸውን አወጡ፤ ማን እለፍ እንዳለ፣ ማን ቁም እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ትራፊኩ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ቆቡን አወለቀና ወገቡን ይዞ መሐል መንገድ ላይ ሳቀ።

እትዬ መስኮቱ ላይ ሆና፣ ስሱ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ይህን ሁሉ ታያለች።

«ተነሺ!» አለች በድንገት። «ቁርስ የሚጠብቁ ስንት አፎች አሉ! እንቁላሉን ማን ሊጠብስ ነው?»

ፊሽካ ለመነሳት ሞከረች። ሳቁ ጉልበቷን ስለበላው መልሳ መጋረጃዎቹ ላይ ወደቀች፤ እትዬም ልታነሳት እጇን ብትይዛት አብራት ወደቀች።