የቦዩ ቁጥሮች የጨፈሩበት ክረምት

ባለፈው ታኅሣሥ ጎረቤቴ ሄለን ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሄለን እዚሁ አዳማ አንድ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ሠንጠረዥ ስትሞላ ውላ ማታ ዓይኗን እያሸች ትገባለች። ባሳየችኝ ቪዲዮ ላይ አንድ ወጣት ሰው በሞላበት አዳራሽ መድረክ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው በትልቅ ሸራ የሚታየው ሄለን የምትሞላው ዓይነት ተራ የቢሮ ሠንጠረዥ ነው። ወጣቱ ቁጥር በጻፈ ቁጥር ሣጥኖቹ ቀለም ይለውጣሉ፤ ከሙዚቃው ጋር አንዴ ይሰፋሉ፣ አንዴ ይጠባሉ። ሰዉ ያጨበጭባል።

«አዩልኝ እትዬ ስንዱ፣ እኔ የምሰላችበትን ነገር እሱ ይጫወትበታል» አለችኝ።

«እኛም በደርግ ጊዜ እንዲህ እናደርግ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መስሏታል። እኔም አላስረዳኋትም። «እኛ» ያልኳት ቃል ግን ከሄደች በኋላም አብራኝ ቆየች። እኛ ስል ሁለት ሰው ማለቴ ነው። ሁለታችን ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረን የተቀመጥነው በሕይወታችን ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት አቦምሳ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ የቀረኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱትና ወደ ሰሜን ሄደ። አዲስ አበባ የስድስት ወር የኮምፒዩተር ሥልጠና ስጨርስ ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ወዳለ አንድ የመንግሥት እርሻ መደቡኝ። በጭነት መኪና፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው የገባሁት። ሻንጣዬን ሳወርድ ጸጉሬም ቅንድቤም በአቧራ ነጥቶ ነበር።

ኮምፒዩተሩ የተቀመጠበት ክፍል በእርሻው ውስጥ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ብቸኛ ክፍል ነው። ውጪ ሙቀቱ ቆርቆሮ ሲያስጮህ እኔ ሹራብ ለብሼ እሠራለሁ። ማሽኑ አቧራ አይወድም ስለተባለ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነበር። ቢፈቀድም የሚገባ አልነበረም። ሰዉ ማሽኑን ይፈራዋል፤ እሱ ፊት የተነገረ ሁሉ ተመዝግቦ ወደ በላይ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ያም ፍርሃት ወደ እኔ ተጋባ። በሠራተኞች ክበብ ምሳዬን ይዤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ወሬው ይቋረጣል። አንዱ ሥራ አለብኝ ይላል፣ ሌላው ሰዓቱን ያያል። ትንሽ ቆይቼ የመስኮቱን ጥግ ለመድኩ። ሽሮዬን በልቼ፣ ፓፓያዬን በማንኪያ ፍቄ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ወደ ብርዴ እመለሳለሁ። ሰው በተሰበሰበበት መሃል ዝም ብሎ መብላት ምን ያህል እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል።

ሥራዬ የውሃ ነበር። ከአዋሽ ወጥቶ እርሻውን የሚያጠጣው ዋና ቦይ ላይ ስድስት መለኪያ እንጨቶች ተተክለዋል። ድሪባ የሚባል ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት በብስክሌት እየዞረ የውሃውን ከፍታ ያነብና፣ ከቀትር በኋላ ቦዩ ራስ ላይ ካለችው ጎጆው ይደውልልኛል። እኔ ስድስቱን ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ አስገብቼ አትማለሁ። ውሃ ከፋቾቹ በወረቀቱ መሠረት የየማሳውን በር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ድሪባን አይቼው አላውቅም ነበር። የማውቀው ድምፁን ነው። «አካም ኦልቴ ስንዱ» ይላል። «ነጋ» እለዋለሁ። አቦምሳ ያደገ ሰው ሰላምታውን በኦሮምኛ መመለስ አይቸግረውም። ከዚያ ቁጥሮቹን ይነግረኛል፤ ስልኩ ይዘጋል። ብዙ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ በስሜ የጠራኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ቁጥሮቹን ነግሮኝ ሲጨርስ ስልኩን በደንብ ሳይዘጋው ቀረ። እኔም ልዘጋ ስል አርሞኒካ ሰማሁ። ብቻውን ያለ መስሎት ይጫወታል። ቀስ ያለ ዜማ ነው። ያኔ በግልጽ የማይዘመር የጸሎት ቤት መዝሙር መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ እሱ ዜማውን እንጂ ቃሉን አያወጣም ነበር።

ፕሮግራሙ አንድ ልማድ ነበረው። ቁጥር ሲጻፍለት ከጎኑ በቁጥሩ ልክ ኮከቦች ይደረድራል። ትልቅ ቁጥር ረጅም የኮከብ መስመር፣ ትንሽ ቁጥር አጭር። የቦዩን ውሃ በአንድ አፍታ ለማየት እንዲመች ተብሎ የተሠራ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ እጄ ዝም ብሎ አንዱን ቁጥር ቀየረ። የማሽኑ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴው መስመር ተመዘዘ። ዜማው ሲወርድ አሳጠርኩት። ቀጥሎ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላዩን። ሳላውቀው ስድስቱም መስመሮች በአርሞኒካው ልክ እየወጡ እየወረዱ ነበር።

ዜማው ድንገት ቆመ።

«ማነው የሚያንኳኳው?» አለ ድሪባ በስልኩ።

ደነገጥኩ። «እኔ ነኝ። ኮከቦቹን እያንቀሳቀስኩ ነው።»

«የምን ኮከብ?»

ነገርኩት።

«የኔ ውሃ ይጨፍራል ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«እስቲ ደግሜ ልጫወት። አንቺ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩ ከታተመ በኋላ ሩብ ሰዓት የኛ ሆነ። እሱ ይጫወታል፣ እኔ በቁልፎቹ እከተለዋለሁ፤ አንዳንዴም እኔ እቀድምና እሱ የጣቴን ድምፅ እየሰማ ይከተለኛል። «አሁን ሦስተኛው እንደ ዛፍ ጥላ ረዘመ» እለዋለሁ። «አሁን ከላይ እስከ ታች ደረጃ ሠሩ። አሁን ሁሉም ጠፍተው አንድ ኮከብ ብቻ ቀረ።» እሱ ይስቃል። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ለነገው መስመር አዘጋጅ ጀመር። የወንድሜ ደብዳቤ ከቆመ አምስት ወሩ ነበር፤ ይህንንም የነገርኩት ለድሪባ ብቻ ነው። አንድ አጭር ዜማ ተጫወተልኝና ዘጋው።

ሐምሌ ላይ ደጋው ሲዘንብ ቦዩ ሞላ። አንድ ሐሙስ ድሪባ ቁጥሮቹን ነገረኝ፤ የመጀመሪያው መለኪያ ስልሳ ሁለት ነበር። እኔ አስገባሁት። የዚያን ቀን ግን ሳላትም ጨዋታ ጀመርን። መሃል ላይ አለቃዬ አቶ ወርቅነህ በሩን ከፈቱ። ናዝሬት ሊሄዱ መኪና ቆሞ እየጠበቃቸው ነው።

«ወረቀቱን ቶሎ፣ ስንዱ።»

ስልኩን ዘጋሁ። በጥድፊያ ቁጥሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ አተምኩ፤ ሰጠኋቸው። አምስቱን ነበር የመለስኩት። የመጀመሪያው ላይ በጨዋታ የጻፍኩት ሃያ ሁለት እንዳለ ቀርቷል።

ውሃ ከፋቾቹ በወረቀቱ መሠረት ውሃው የጎደለ መሰላቸው፤ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ የሚወስደውን በር እስከ ጫፉ ከፈቱት። በማግስቱ ጠዋት ሊለቀም የደረሰው ሽንኩርት በውሃ ውስጥ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ሴቶች ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው በጭቃው ዳር ቆመዋል። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ ሥራ የለም ማለት ነው?» አለችኝ፤ ከቢሮ ስለመጣሁ የማውቅ መስሏታል። አላውቅም አልኳት። ወደ ክፍሌ ተመልሼ የወረቀቱን ቅጂ አየሁ። አወቅሁ። ቅጂውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ክበቡ ውስጥ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሁሉም «ጓድ» ብቻ የሚላቸው የእርሻው የፖለቲካ ኃላፊ መሃል ተቀመጡ። ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር እንደሆነና እንዳልሆነ እንመረምራለን አሉ። ድሪባ ሲጠራ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። በሐሳቤ ረጅም አድርጌው ነበር፤ አጭር፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ሰው ነው። ማን መሆኔን ማንም ሳይነግረው ወደ እኔ ተመለከተ።

«ሐሙስ ዕለት ምን ብለህ ነው ሪፖርት ያደረግኸው?»

«ስልሳ ሁለት።» ደብተሩን አውጥቶ አሳያቸው።

«ይህን ኋላ መጻፍ ይቻላል» አሉ ጓድ። «ወረቀቱ ሃያ ሁለት ነው የሚለው።»

ሊናገር ይችል ነበር። ልጅቷ በቁጥሩ ትጫወታለች ቢል ያበቃ ነበር። «ስልኩ በደንብ አልተሰማ ይሆናል» አለ ብቻ። ያን ያለው ለእኔ ብሎ ይሁን፣ ወይም የአርሞኒካው ዜማ ጥያቄ እንዳያስነሳበት ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«መስመሩ ይንሿሿ ነበር» አልኩ። «በደንብ አልሰማሁም።»

ኮሚቴው ብዙ አልቆየም። ድሪባ ከሥራ ታግዶ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ናዝሬት እንዲላክ ተወሰነ። መኪናው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል በረንዳው ላይ አስቀመጡት፤ በረንዳው ደግሞ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት ነው። እኔ ውስጥ ሆኜ ባዶውን መስታወት እያየሁ ተቀምጫለሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ በሩን ከፈትኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«ያንን ነገር ሳላየው ልሄድ ነው» አለ።

«ግባ» አልኩት።

በሩ ላይ ቆም ብሎ «ጫማዬን ላውልቅ?» አለኝ። አወለቀ። ወንበር ሰጠሁት። ማሽኑን አስነሳሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም። አርሞኒካውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ በእጅጌው ጠረገው። ሲጀምር መስመሮቹን ለቀቅኋቸው። ለወራት በስልክ የነገርኩትን ሁሉ አሳየሁት፤ የዛፉን ጥላ፣ ደረጃውን፣ ብቻውን የሚቀረውን ኮከብ። አንዳንዴ መጫወቱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያያል፤ ያን ጊዜ ኮከቦቹም ይቆማሉ፣ ይስቅና ይቀጥላል። ድምፁን ሰምተው ዘበኛው መጡ፣ ታይፒስቷ መጣች፣ ሁለት ሾፌሮችም። ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ታይፒስቷ ዜማው ሲዘልል ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች። በዚያ እርሻ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲስቅ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳቁ ድንገት ተቋረጠ። አቶ ወርቅነህና ጓድ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ አቶ ወርቅነህ።

ከወንበሬ አልተነሳሁም። የመጀመሪያው መስመር ላይ ስልሳ ሁለት ጻፍኩ፤ ኮከቦቹ ረዘሙ። አጥፍቼ ሃያ ሁለት ጻፍኩ፤ አጠሩ።

«ሐሙስ ዕለት ያደረግሁት ይህን ነው» አልኩ። «እሱ የነገረኝ ስልሳ ሁለት ነው። በደንብ ሰምቼዋለሁ።»

ድሪባን የዚያኑ ቀን ወደ ጎጆው መለሱት። እኔን አራት ቀን እያመላለሱ ጠየቁኝ፤ አጻፉኝ፤ ደግመው አጻፉኝ። አቶ ወርቅነህ በስተመጨረሻ ግዴለሽነት እንጂ አሻጥር አይደለም ብለው ፈረሙና ከናዝሬት አተረፉኝ። ለምን እንዳደረጉት አልነገሩኝም። ከማሽኑ ተነስቼ ዘር መጋዘን ተመደብኩ። በቦታዬ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ። በስልክ ከቁጥር ሌላ ምንም እንዳይነገር የሚል ትእዛዝም ወጣ።

ሰዉ ከዚያ በኋላ አልፈራኝም። ክበብ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ጨው ያቀብሉኛል። ግን በእኔ ጥፋት ስንት ሴት ባዶ እጇን እንደተመለሰች ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ከቀትር በኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ጆሮዬ ራሱ ይቆማል። መጋዘኑ ውስጥ ስልክ የለም። ወንድሜም አልተመለሰም። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆይቼ ናዝሬት ሥራ አገኘሁና ወጣሁ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደ ሶደሬ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ድሪባን አገኘሁት። ሚስቱና ትንሽ ልጁ አብረውት ነበሩ። ተሳሳምን። ደህና ነሽ አለኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት። ልጅህ ነች አልኩት፣ አዎ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ቃል አጠረን። በሽቦ ያን ያህል የተጫወትን ሰዎች ጉልበታችን ሊነካካ ተቀምጠን የምንለው አጣን። ዶዶታ መገንጠያው ሳይደርስ ወረዱ። መስኮቱ ላይ ሆኜ እስኪርቁ አየኋቸው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ አርፏል፤ ልጆቼ በየሥራቸው ናቸው፤ ቤቱ ቀን ቀን ጸጥ ይላል። ስለዚያ ክረምት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽንኩርቱ አይደለም፤ ከማሽኑ መነሳቴም አይደለም። «በደንብ አልሰማሁም» ብዬ የተቀመጥኩባቸው ሁለት ሰዓቶች ናቸው። ባርኔጣውን ይዞ በረንዳው ላይ ሲጠብቅ በመሃላችን የነበረው አንድ በር ነው፤ የምከፍተውም እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ጠቃሚ ሥራ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ወረቀት በእጄ አልፏል። አሳይኝ ብሎ የጠየቀኝ ግን እሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሊወስዱት መኪና እየመጣ።